ቃለ ጉባኤያችን 11 ወር ሙሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥያቄውን ቀይሮ ያየ አለ?

የቱሉዲምቷ (ሰኞ ማታ 2:40)

እንዴት አመሻችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ከአዳማው የክፍያ መንገድ መነሻ ብዙም አይርቅም። የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት ያን ቀን እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ቅዳሜ የቃለ ጉባኤው ደብተር አለቀና አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን ከማስቀመጤ በፊት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩት። 11 ስብሰባ አለ። አጀንዳ 1 ውሃ፣ አጀንዳ 2 የደረጃ መብራት፣ አጀንዳ 3 ቆሻሻ፣ አጀንዳ 4 ልዩ ልዩ። በ11ዱም! ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተነካም። ውሳኔውም ያው ነው፤ "ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ከ4ኛው በኋላ ቀኑን ብቻ እየቀየርኩ ነው የማትመው።

ስብሰባው ኮሙናሉ ውስጥ ነው። አንዱ ስለ ውሃው ይናገራል፣ ሌላው "የኔማ ይብሳል" ብሎ ይቀጥላል፣ የኔ ይብሳል የኔ ይብሳል ስንባባል ይመሻል። ስንወጣ ከገባንበት የባሰ ዝለን ነው የምንወጣው።

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት ሥልጠና ነበረን። አሠልጣኟ ችግሩ ላይ ሙጭጭ ከማለት መፍትሔው ላይ ስለማሰብ አወራች። ግማሹን ምሳ መቼ ነው እያልኩ ነው የሰማሁት። አንድ ጥያቄዋ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፤ "ዛሬ ማታ ተኝታችሁ ሳለ ተአምር ተሠርቶ ችግራችሁ ቢፈታ፣ እንቅልፍ ላይ ስለነበራችሁ ግን ባታውቁ፣ ጠዋት ስትነሱ መጀመሪያ በምን ትነቁበታላችሁ?"

እሑድ ስብሰባ ላይ ጠየቅኳቸው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና "ልጄ፣ ተአምር ከፈለግሽ ጻድቃኔ መሄድ ነው። እኛ የጠፋብን ውሃ ነው" አሉ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ከ4ኛ ፎቅ የመጣች አንዲት ሴት ብቻ አልሣቀችም። "እኔ የማውቀው የሽንት ቤቱን ሲፎን ስስብ ሲንሿሿ ከሰማሁ ነው" አለች። ሣቁ ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምወስደው ጠፋኝና አጀንዳ 2 ገባን። እና ጥያቄዬ፣ ይህን ነገር የምር የሞከረ አለ? ወይስ የሥልጠና ወሬ ነው?

እውነት_እውነቱን (ሰኞ ማታ 3:05)

የሥልጠና ወሬ ነው። አትቀየሚኝ እህቴ። ውሃ ካልመጣ ውሃ አልመጣም ነው። "በጎ በጎውን አስቡ" የሚሉን ውሃው የማይቋረጥባቸው ሰዎች ናቸው። እኛ ዝም ስንል የሚደሰተው ማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። ደብዳቤሽን ጻፊ፤ 12ኛውንም 13ኛውንም።

አራተኛ_ፎቅ_ተከራይ (ሰኞ ማታ 3:11)

ሲፎን ያለችው ሴትዮ እህቴ ትሁን። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ወንበር_ሁለት (ሰኞ ማታ 4:20)

የምክር አገልግሎት ላይ ነው የምሠራው፤ ትንሽ ልበል።

ጥያቄው የአሠልጣኟ አይደለም። ስቲቭ ደ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ የሚባሉ ባልና ሚስት በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ አንድ የቤተሰብ ምክር ማዕከል ከፍተው ነበር። ኢንሱ ትውልዷ ኮሪያ ነው። አንዱ ሲያማክር ሌሎቹ በመስታወት ጀርባ ሆነው ያያሉ፤ ሰውየው ምን ሲጠየቅ ነው ፊቱ የሚፈታው፣ ምን ሲጠየቅ ነው የሚዘጋው እያሉ ይከታተላሉ። የተአምሩ ጥያቄም ከመጽሐፍ አልመጣም። ኢንሱ አንዲትን የተማረረች ሴት ምን ቢሆንልሽ ይሻልሻል ብላ ስትጠይቃት "ኧረ እኔስ ተአምር ነው የሚያስፈልገኝ" አለቻት። እሺ፣ ተአምሩ ሆነ እንበል ብላ ቀጠለች። ከዚያ ነው የመጣው።

ወንድሜ እውነት_እውነቱን፣ በጎ በጎውን ማሰብ ያልከው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ችግር የለም በል የሚል የለም። የሚባለው፣ ማንኛውም ችግር የሚቀልበት ወይም የሚጠፋበት ሰዓት አለው፤ ባለቤቱ ግን አይቆጥረውም። ሰካራሙ ያልጠጣበት ማክሰኞ አለ። ሲጣሉ የከረሙ ባልና ሚስት ሳይጣሉ ቡና የጠጡበት እሑድ አለ። ያን ቀን ምን ተለየ? ብለህ ስትጠይቅ "ኧረ እሱማ ዝም ብሎ ነው" ይሉሃል። ዝም ብሎ አይደለም።

የቱሉዲምቷ፣ የጎደለሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ተአምሩን ጠየቅሽና ቆምሽ። ሥራውን የሚሠራው ቀጥሎ ያለው ነው፤ "ከዚህ ተአምር ቁራጩ እንኳ በቅርቡ ሆኖ ያውቃል? መቼ?" ሴትዮዋ ሲፎን ስላለችሽ ሲፎኑን ይዘሽ ሂጂ። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተንሿሿው በያት።

የቱሉዲምቷ (ማክሰኞ ማታ 3:30)

ሄድኩ። እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ከሥራ ስመለስ በሯን አንኳኳሁ። ኮሪደሩ ላይ ጄሪካኖቿን በቁመታቸው ደርድራለች፤ ጋሪ የሚያመላልሰው ልጅ አንዱን 20 ብር ነው የሚያስከፍላት፣ ፎቅ ማውጫው ለብቻ። "ውሃ እዚህ ድረስ ወጥቶ ያውቃል?" አልኳት። "ኧረ የት!" አለች። ዝም ብዬ ቆምኩ። ትንሽ አሰበችና "ቆይ... የእትዬ ባል ለቅሶ ሰሞን ነበር እኮ! አንድ ሦስት ቀን። እንዲያውም ልብስ አጥቤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ውጭ ሳላሰጣ ቀረሁ" አለችኝ።

ለቅሶ ሰሞን ምን ተለየ? እሷ አታውቅም። ወርጄ የእድሩን ልጆች ጠየቅኩ። 2ኛ ፎቅ ያለው ባጃጅ ነጂ ነገሩን አስታወሰው። ድንኳኑ የተተከለው ግቢው ቧንቧ አጠገብ ነበር። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ታች ያሉት ሰዎች ቧንቧቸውን ከፍተው፣ በርሜል ደቅነው ነው የሚተኙት፤ በርሜሉ ይሞላል፣ ይፈሳል። ያ ውሃ ድንኳኑ ሥር ገብቶ ጭቃ አደረገው። ልጁ ድንኳን ሊጠብቅ ሲያድር ተናደደና የምድር ቤቱን መስመር ቫልቭ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ጠዋት ሲያየው ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። 3ቱንም ሌሊት እንደዚያ አደረገ። ድንኳኑ ሲፈርስ ቫልቩን ከፍቶ ወደ ሥራው ሄደ። "ለምን አልተናገርክም?" ብለው "የጠየቀኝ ማን አለ?" አለኝ።

11 ስብሰባ ላይ ይህ ልጅ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ።

ቧንቧ_ሠሪው (ማክሰኞ ማታ 3:52)

ሥራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። እህቴ፣ ሮቶው የውሃ መግቢያው ስንት ሜትር ላይ ነው?

የቱሉዲምቷ (ማክሰኞ ማታ 3:58)

ብረት ቋሚ ላይ ነው የተቀመጠው። ከኔ ቁመት እጥፍ ገደማ። ሁለት ናቸው፣ 5,000 5,000 ሊትር። ከዚያ በሞተር ነው ወደ ላይ የሚገፋው።

ቧንቧ_ሠሪው (ማክሰኞ ማታ 4:15)

በቃ። 3 ሜትር በለው። ውሃ 10 ሜትር ለመውጣት 1 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ ለ3 ሜትር 0.3 ባር። ብዙ አይደለም፣ ግን ታች 5 ወይም 6 ቧንቧ ክፍት ከሆነ እሱም አይገኝም። ውሃ ሰነፍ ነው፤ ዝቅ ያለና ክፍት መንገድ ካገኘ ዳገት አይወጣም። ሒሳቡን ደግሞ እይው። አንድ ክፍት ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር ቢያፈስ በ3 ሰዓት 1,800 ሊትር ነው። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል። 1,600ው ድንኳን ሥር ነው የገባው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ወንበር_ሁለት፣ በአንድ ነገር አልስማማም። እኔ ፋብሪካ ስሠራ ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ሠልጥኛለሁ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ከተቋቋመ በኋላ ብዙ ፋብሪካ ገብቶ ነበር። እዚያ የተማርነው የቶዮታን ዘዴ ነው፤ "ለምን?" ብለህ 5 ጊዜ ትጠይቃለህ፣ እስከ ሥሩ ትወርዳለህ። ሞተር ሲቃጠል "ያልተቃጠለበት ቀን ምን ይመስል ነበር" እያልኩ ብቀመጥ አለቃዬ ያባርረኛል። ማሽን ላይ ችግሩን መፈለግ ግዴታ ነው።

ሰው ላይ ግን እንጃ። ሚስቴን "ለምን?" ብዬ 5 ጊዜ ጠይቄያት አላውቅም። 3ኛው ላይ ነው የምትነሣው።

ወንበር_ሁለት (ማክሰኞ ማታ 4:31)

ሣቄን ለቀቅኩት። ልክ ነህ፣ ማሽን ላይ አልከራከርም። ሰው ላይ "ለምን?" ሲደጋገም ክስ ይሆናል፤ የተጠየቀው መልስ ትቶ መከላከያ ይፈልጋል። ብሎኩም "ለምን ውሃ የለም" ሲባል ጣቱን ወደ ውጭ ነው የጠቆመው። "ውሃ የነበረ ቀን ምን አደረግን" ሲባል ግን ባጃጅ ነጂው ተገኘ።

እውነት_እውነቱን (ማክሰኞ ማታ 4:40)

እና የውሃው ቢሮ ነፃ ወጣ ማለት ነው? ጥፋቱ የምድር ቤት ሰዎች ሆነ? ይሄ ነው የምፈራው። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ መምጣቱ ትክክል ነው? ድሃ ለድሃ ቫልቭ ሲዘጋጋ!

የቱሉዲምቷ (ማክሰኞ ማታ 4:48)

አይደለም። እውነትህን ነው፣ ትክክል አይደለም። ግን ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ዛሬ ሌሊት ውሃ ይመጣል። የሥርጭቱ ነገር እስኪስተካከል እኔ ዛሬ ማድረግ የምችለው ቫልቩን ነው።

ኤክስቴንሽኗ (ረቡዕ ጠዋት 1:15)

ደህና አደራችሁ። ከሱሉልታ በኩል ነኝ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ቤት ለቤት ነው የምዞረው። ይህን ጭውውታችሁን ሳነብ አንድ የተማርነው ታሪክ ትዝ አለኝ።

በ1990 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጄሪ ስተርኒን የሚባል የሴቭ ዘ ችልድረን ሰው ከባለቤቱ ከሞኒክ ጋር ቬትናም ሄደ። የልጆች የምግብ እጥረት በጣም የከፋበት ጊዜ ነበር። መንግሥት 6 ወር ሰጠው፤ ውጤት ካላሳየህ ትሄዳለህ ነው ነገሩ። በ6 ወር ድህነትን ማጥፋት አይቻልም። ንጹሕ ውሃው የለም፣ ገቢው የለም፣ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እሱ ግን ታን ሆዋ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያሉ እናቶችን ልጆቻቸውን እንዲመዝኑ አደረገና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ "ከድሆቹ ሁሉ ድሃ ሆኖ ልጁ ግን ያልከሳ ቤተሰብ አለ?" አለ ተባለ። ሄደው አዩ። እነዚያ እናቶች ከሩዝ ማሳው ውስጥ ጥቃቅን ሽሪምፕና ሸርጣን ለቅመው፣ የስኳር ድንች ቅጠል ጨምረው ያበላሉ። ሌላው ሰው ይህ ለሕፃን አይሆንም ብሎ ይተወዋል። ደግሞም በቀን ሁለቴ በማብላት ፈንታ እየከፋፈሉ ደጋግመው ይመግባሉ፣ የልጁን እጅ ያጥባሉ። ሌሎቹም እናቶች ከነሱ ቤት ሄደው፣ አብረው አብስለው ተማሩ። ከውጭ የመጣ ምግብ አይደለም፤ እዚያው ጎረቤት የነበረ ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ የምጠይቀው ተቀይሯል። ድሮ "ልጁ ለምን ከሳ?" ነበር የምለው። እናትየው ታፍራለች፣ "ምን ላድርግ ብለሽ ነው" ትለኛለች፣ ከዚያ እኔም ዝም እሷም ዝም። አሁን "ደህና የሚበላልሽ መቼ ነው?" እላለሁ። አንዷ "አያቱ ስትመጣ" አለችኝ። አያቱ ምን ታደርጋለች? ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እያጫወተች፣ ገንፎውን በጣቷ እያቀመሰች። ቀኑን ሙሉ እናትየው እንጨት ለቀማ ስትሄድ የ6 ዓመት እህቱ ናት የምታበላው። ስለ ገንፎው አይደለም ማለት ነው፤ ገንፎው አለ።

የአባዶዋ_እናት (ረቡዕ ቀን 6:50)

እኔ የካ አባዶ ነኝ። ማታ ሳነብ ቆይቼ ልጄ ላይ ሞከርኩት። 12ኛ ክፍል ነው፤ በ2015 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ስለከበደኝ ገና ካሁኑ እኔ ከሱ ይልቅ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሁልጊዜ "ስልክህን አስቀምጥ" ነው ቋንቋችን።

ወንበር_ሁለት፣ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጥ የሚባለውን ጥያቄ አንድ ቦታ ሰምቼው ነበር። እሱን ጠየቅኩት። "ለፈተናው ዝግጁነትህ ከ10 ስንት ነው?" "3።" ጉሮሮዬ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥ አደረግኩት። "ለምን 2 አልሆነም?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ የታመምኩ ነው የመሰለው። "ሒሳብ ከጓደኛዬ ጋር ስንሠራ ስለሚገባኝ" አለ። ይህ ጓደኛው ማለት ጸጉሩ የማያምረኝ፣ "ቤቴ እንዳይመጣ" ያልኩት ልጅ ነው!

ምን ላድርግ? እንዲመጣ ፈቀድኩ። ዛሬ ይመጣል። ሽሮ ሠርቻለሁ።

አራተኛ_ፎቅ_ተከራይ (ረቡዕ ቀን 7:02)

ጸጉሩስ?

የአባዶዋ_እናት (ረቡዕ ቀን 7:04)

ጸጉሩ እዚያው ነው፣ አትጠይቀኝ።

ወንበር_ሁለት (ረቡዕ ቀን 7:30)

እትዬ፣ "ለምን 2 አልሆነም" ያሉት ነገር ነው ዋናው። ብዙ ሰው "ለምን 7 አልሆነም" ብሎ ነው የሚያበላሸው። ቀጣዩ ደግሞ "4 ቢሆን ምን ትሠራ ነበር" ነው። 10 አይጠየቅም፤ 4 ብቻ።

ዝምታዬ (ረቡዕ ማታ 5:10)

ከዚህ በፊት እዚህ ጽፌ አላውቅም። የለቅሶውን ወሬ ሳነብ ቆየሁ። ባሌ ካረፈ አራተኛ ወሩ ነው። ሰው ሁሉ መፍትሔ አለው። "ለልጆችሽ ስትዪ"፣ "ሱቁን ክፈቺው"፣ "ቤት ቀይሪ፣ ይረሳሻል"። እኔ መፍትሔ አልፈልግም። ለእንዲህ ያለው ምን ጥያቄ አላችሁ? ተአምር ቢሠራ በምን አውቃለሁ? በሩን ሲከፍት ነዋ።

ወንበር_ሁለት (ረቡዕ ማታ 5:45)

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ላንቺ የተአምር ጥያቄ አይጠየቅም። ሥልጠና ሰጪ ሁሉ ይህን አይናገርም እንጂ ይህ ዘዴ ያለ ቦታው ሲገባ ይጎዳል። የሞተ ሰው ችግር አይደለም፣ አይፈታም። አባቶቻችን ይህን ከኛ በፊት ያውቁት ነበር፤ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ሲቀመጡ "እና ከዚህ በኋላ ምን አሰብሽ?" የሚል የለም። ይቀመጣሉ። በ40 እንደገና ይመጣሉ፣ በ80 ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚከብደው፤ ሰው ያለቀ ይመስለዋል።

እነዚያ የሚልዋኪ ሰዎችም እንዲህ ላለው የነበራቸው ጥያቄ ሌላ ነው። "እስካሁን እንዴት ቻልሽው?" ነው። ለመልስ አይደለም የምጠይቅሽ። ከፈለግሽ ብቻ።

ዝምታዬ (ሐሙስ ጠዋት 12:40)

እንዴት ቻልኩት። አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴ ቡና አፍልታ በሩን ሳታንኳኳ ትገባለች። ምንም አታወራም። ስኒውን አስቀምጣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። እሷ ናት መሰለኝ።

ኤክስቴንሽኗ (ሐሙስ ጠዋት 1:05)

አይዞሽ የኔ እህት።

እውነት_እውነቱን (ሐሙስ ማታ 2:20)

ሁለት ቀን አሰብኩበት። አቋሜን አልቀየርኩም፤ ቢሮው ዕዳ አለበት። ግን የቱሉዲምቷ፣ ያንን ደብዳቤሽን እስኪ ለጥፊልኝ ልየው።

የቱሉዲምቷ (ሐሙስ ማታ 2:34)

"በብሎካችን ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ከፍተኛ የውሃ እጥረት በመኖሩ ነዋሪው ለከፍተኛ እንግልት የተዳረገ በመሆኑ አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን።" ይኸው ነው። ማኅተም አለው።

እውነት_እውነቱን (ሐሙስ ማታ 3:10)

እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት 9 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ይህን ደብዳቤ ያየ ሰው ፋይል ያደርገዋል፣ አለቀ። የሚያደርገው ነገር አልተጻፈበትም። "አስቸኳይ መፍትሔ" ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ጠረጴዛ ላይ በቀን 20 አስቸኳይ መፍትሔ ይመጣ ነበር።

ያገኛችሁትን ጻፊው። እንዲህ፦ "ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ውሃ ሲለቀቅ፣ የምድር ቤቱን መስመር ዘግተን ሁለቱን ሮቶ እንሞላለን። 10,000 ሊትር ለ30 አባወራ ይዳረሳል። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ የፈረቃው ቀንና ሰዓት ሲቀየር አስቀድሞ ይነገረን። ሁለተኛ፣ ባለሙያ መጥቶ በመግቢያው መስመር ላይ ያለውን ግፊት ይለካልን።" ይህን ፋይል ለማድረግ ያስቸግራል። አንድ ሰው "አዎ" ወይም "አይሆንም" ማለት አለበት።

ጩኸቱን አልተውኩም፤ አድራሻ ጻፍኩበት እንጂ።

ቧንቧ_ሠሪው (ሐሙስ ማታ 3:15)

ያ ሰውዬ እኛ ሰፈር ይምጣልን።

የቱሉዲምቷ (ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ሌሊት 7:35)

የት ደረሰ ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ይኸው።

የመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ ጥሩ አልነበረም። ከምድር ቤት አንዲት እናት እንጀራ ጋግረው ነው የሚሸጡት፤ ሊጥ የሚያቦኩት በዚያው በሌሊቱ ውሃ ነው። "እኔን በውሃ ጥም ልትገድሉኝ ነው" ብለው ተነሡ፤ እውነታቸውን ነው። ባጃጅ ነጂው ነው ያበረዳቸው። "እማማ፣ ለቅሶው ሰሞን በርሜልዎን ቀድሜ ሞልቼ አልነበረም የዘጋሁት?" አላቸው። ሞልቶላቸው ነበር ለካ። እና እሱ ሕግ ሆነ፤ ተረኛው መጀመሪያ ምድር ቤት ያለውን በርሜል ሁሉ ይሞላል፣ ቀጥሎ ቫልቩን ይዘጋል፣ ሲነጋ ይከፍታል። ተራውን እንደ እቁብ ዕጣ አወጣንበት፤ በሌሊት ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ ታች አንድ ላይ እንዲሆን።

6 ሌሊት አልፏል። 5ቱ ሞልቷል። ለ30 ሲካፈል ለአንድ ቤት 333 ሊትር፣ ከ16 ጄሪካን በላይ ነው፤ 4ኛ ፎቅ ያለችው ሴት የጋሪውን ልጅ ሁለት ሳምንት አልጠራችውም፣ እሱም ተቀይሟታል። (ለሱ ደግሞ ምን እናድርግ? እንጃ።) ያልሞላበት አንድ ሌሊት ተረኛው ጋሼ ነበሩ። እንቅልፍ ጣላቸው። በማግስቱ "ተአምሩን ስጠብቅ" አሉ።

ደብዳቤው መልስ አልመጣለትም። ግን ስወስደው የተቀበለችኝ ልጅ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ እስከ ዛሬ ማንም አንብቦልኝ አያውቅም። "የግፊቱን ነገር ለቴክኒክ ነው የምመራው" አለች። ሰኞ እመለሳለሁ።

የደረጃው መብራት አስቂኝ ነው። ጋሼ ራሳቸው ተነሥተው "መብራቱ በርቶ የነበረው መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ከኔ አፍ ነጥቀው! የገና ሰሞን ተባለ። አምፖሉን ማን ገዝቶት ነበር? "እኔ" አሉ ጋሼ፤ "ሰረቁኝ።" የቤቱ ሣቅ አይጣል። በአዋጅ 370/1995 ደረጃው የሁላችንም የጋራ ነው ብዬ ላነብላቸው ስል "አዋጁ አምፖል አይጠብቅም" አሉኝ። የሽቦ ቅርጫት የሚበይድ ሰው እየፈለግን ነው።

ቆሻሻው ላይ ግን ልዩ ቀን ፈልገን አጣን። አንድም። በ12ኛው ቃለ ጉባኤ ላይ አጀንዳ 3 እንዳለ አለ።

የአባዶዋ_እናት (ዓርብ ሌሊት 7:41)

አንቺም አልተኛሽም? የተራውን ሰንጠረዥ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የኛም ብሎክ ይፈልገዋል። ልጄ 4 ገብቷል፤ እሱ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም።

የቱሉዲምቷ (ዓርብ ሌሊት 7:52)

ጠዋት እልክልሻለሁ። ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ ቧንቧው አየር መትፋት ጀምሯል፣ ሊመጣ ነው። የእማማ በርሜል ገና ነው። ቫልቩ ደግሞ ስለጠበቀ ባጃጅ ነጂውን መቀስቀስ አለብኝ። ልውረድ።